ለሚያሳክከው ውሻ መድኃኒት ከመርጨት በፊት
በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ አካባቢ ለሚገኙ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

በዚህ ተከታታይ ጽሑፍ ስለ ስንዴ ዋግ፣ ስለ ድንች ዘር አከማቸት፣ ስለ ማዳበሪያ አጣጣል ብዙ ተብሏል። ስለ ውሻ መጻፍ የሰብል ባለሙያ ሥራ አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም፤ እኔም ቀደም ሲል እንዲሁ እል ነበር። ይሁን እንጂ ከቡራዩ እስከ ሆለታ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የሚሠራ የልማት ሠራተኛ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ገበሬ ለጥያቄው የሙያ ድንበር አያበጅም። ስለ ምርጥ ዘር ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም ይልና «ያ ውሻዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል፤ ጠጉሩም እያለቀ ነው፤ የምትረጩለት ነገር የላችሁም ወይ?» ይላል።

ጥያቄው የቀልድ አይደለም። ቡራዩ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ብትጠቃለልም፣ ዳር ዳሩን ላም የሚያረባ፣ ድንችና ሽንኩርት የሚያለማ፣ በጎችን ማታ በረት የሚያስገባ ሕዝብ አሁንም አለ። የማኅበሩን መጋዘን ከሌባ፣ በረቱን ከጅብ የሚጠብቀው ውሻ ነው። ሌሊቱን ሲያክ የሚያድር ውሻ አይጠብቅም፤ ይከሳል፤ ቆዳው ይቆስላል፤ ይሸታል፤ በመጨረሻም ልጆች እንዳይነኩት ተብሎ ከግቢ ይባረራል። የተባረረው ውሻ ደግሞ መንገድ ላይ ይውላል፤ ክትባቱም እዚያው ይቋረጣል። ስለ እብድ ውሻ በሽታ በየስብሰባው ስንናገር ይህን ከግቢ የሚያስወጣ ምክንያት አናነሣውም።

«የምትረጩለት» የሚለው ቃል ነው የሚያሳስበኝ፤ ምክንያቱን ለመግለጥ የራሴን ስሕተት አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም ሳልቆይ፣ በገፈርሳ በኩል ባለ የአንድ ማኅበር መጋዘን ዘበኛ የሆኑ ሽማግሌ ስለ ውሻቸው ማከክ አማከሩኝ። መጋዘኑ ውስጥ ለሰብል ተባይ የመጣ 60 በመቶ ዳያዚኖን ነበር። መድኃኒቱን በጠርሙስ ክዳን፣ ውሃውን በባልዲ፣ ሁሉንም በግምት ለክቼ በጠበጥሁና ውሻውን ከአንገቱ እስከ ጅራቱ አጠብሁት። ማታ ለሃጩ ይዝረበረብ ጀመር፤ እግሮቹ ተንቀጠቀጡ፤ ሊነጋ ሲል ሞተ። ሽማግሌው አልተቆጡኝም። «ማከኩስ ቆሞለታል» ብቻ ነው ያሉኝ።

ዳያዚኖን ነርቭን ከሚመቱት የኦርጋኖፎስፌት መድኃኒቶች ወገን ነው። በቆዳ በኩል ይገባል፤ ውሻው ጠጉሩን ሲልስ ደግሞ በአፉም ይገባል። ቆዳው በማከክ ብዛት የቆሰለ ውሻ ከጤነኛው ይልቅ ብዙ መርዝ ይቀበላል። እንግዲህ የሚያሳክከውን ውሻ በሰብል መድኃኒት ማጠብ ማለት መርዙን በተከፈተ በር ማስገባት ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይትና ነጭ ጋዝ መቀባትም ከዚህ አይሻልም፤ ውሻው ይልሰዋል፤ ጉበቱንና አንጀቱን ይጎዳዋል፤ ቆዳውንም ያቃጥለዋል። የማኅበር መጋዘን ቁልፍ የያዘ ሰው ይህን በጥብቅ እንዲያውቅ ያስፈልጋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሽማግሌው ሌላ ውሻ አሳድገው ነበር። እሱም ያሳክከው ጀመር። ሳያቸው አፍሬ ሳለ እሳቸው ቀደሙኝ፦ «መድኃኒትህን አልፈልግም ልጄ። ይኼኛው ሁዳዴ ሲገባ ይሻለዋል፤ ፋሲካ ሲያልፍ ያገረሽበታል። ዘንድሮም አምናም እንደዚሁ ነው። ውሻም እንደ ሰው ጾም ይስማማው ይሆን እንዴ?»

ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ማለትም ስምንት ሳምንት አንድ ቀን ሲጎድለው። የእንስሳት ቆዳ ሐኪሞች ውሻ ምግብ አልስማማ ብሎት እንደሆነ ለማወቅ የሚያዝዙት የምግብ ለውጥ ደግሞ ስምንት ሳምንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ፣ ሕመማቸው በእርግጥ ከምግብ ከሆነ ውሾች መካከል በአምስተኛው ሳምንት ከ80 በመቶ በላይ፣ በስምንተኛው ሳምንት ከ90 በመቶ በላይ እንደሚሻላቸው ያመለክታል። የጾመኛ ቤት ፍርፋሪ የሚበላ ውሻ ሳያውቀው ለ55 ቀን ከከብት ሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይርቃል። ፋሲካ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቀን ተመልሶ ይመጣለታል። እኛ በሙከራ ማሳ ላይ በብዙ ድካም የምናዘጋጀውን ነገር፣ ማለትም ነገሩን አስወግዶ ማየትንና መልሶ ሰጥቶ ማየትን፣ ጾሙ በየዓመቱ በነጻ ያዘጋጅልናል ብዬ ተደሰትሁ።

የምግብ አለመስማማት ወይም አለርጂ ምን እንደሆነ ባጭሩ ልግለጥ። ሰውነት በሽታ ለመከላከል የሚጠቀምበት ኃይል ተሳስቶ የምግቡን ፕሮቲን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። በዚህ ጊዜ ጆሮ፣ መዳፍ፣ ብብት፣ ሆድና የፊንጢጣ አካባቢ ያሳክካል። በአንዳንዱ ውሻ ዓይነ ምድሩ ይለሰልሳል፤ በቀን የሚወጣበትም ጊዜ ይበዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥፋተኛው ትናንት የተሰጠው አዲስ ምግብ ይመስለዋል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ አለርጂ የሚመጣው ውሻው ለወራትና ለዓመታት ሲበላ በኖረው ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ግምገማ የምግብ አለርጂያቸው የተረጋገጠ 297 ውሾችን ተመልክቶ፣ 34 በመቶው በከብት ሥጋ፣ 17 በመቶው በወተት ተዋጽኦ፣ 15 በመቶው በዶሮ፣ 13 በመቶው በስንዴ እንደሆነ ቆጥሯል። ውሾቹ የውጭ አገር ናቸው፤ አኃዙን እንዳለ ወስደን ለኛ ውሻ ማድረግ አይገባም። የሚያስተምረን ግን አለ፤ ከፍተኛውን ቦታ የያዙት እዚያ አገር ውሻ አዘውትሮ የሚበላቸው ናቸው።

ይህን ግኝቴን ለሦስት የልማት ሠራተኞች በደስታ ነገርኳቸው። ሁለቱ ተቀበሉኝ። ሦስተኛው፣ በሱሉልታ በኩል የሚሠራው፣ ራሱን ነቀነቀ። «በኛ የወተት መሰብሰቢያ ያለው ውሻ በጾም ነው የሚብስበት» አለኝ። ነገሬ ሁሉ ፈረሰ። ውሻውን ሳላይ ልተወው ስላልቻልሁ አብሬው ሄድሁ።

የወተት ማኅበራት የሁዳዴን ችግር ከኔ በላይ ያውቁታል። ላሟ ጾም አታውቅም፤ ገዢው ግን ይጾማል። የማይሸጠው ወተት ይናጣል፤ ቅቤው ይቀመጣል፤ አሬራው ይተርፋል። እዚያ ማኅበር ውስጥ የተረፈው አሬራ በባልዲ ተሞልቶ በመሰብሰቢያው ደጃፍ ይቀመጥ ነበር፤ ውሻውም እስኪጠግብ ይልሰዋል። ማለት፣ የቡራዩው ውሻ ከወተት የሚርቅበት ወር ለሱሉልታው ውሻ ወተት የሚበዛበት ወር ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ወሬዎች አንዱን ነገር ይናገሩ ይሆናል ብዬ እንደገና ተስፋ አደረግሁ። ከእንግዲህ ግን በወሬ ላለመሄድ ወስኜ ሁለቱንም ውሾች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ምግብ ለመፈተን ከባለቤቶቻቸው ጋር ተስማማን።

የሙከራው ምግብ ምርጫ ዋናው ነገር ነው። ውሻው ከዚህ በፊት ቀምሶት የማያውቅ አንድ የፕሮቲን ምግብና አንድ የስታርች ምግብ ያስፈልጋል። የበግ ሥጋ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ በኛ አገር ከሥጋ ቤት ደጃፍ የሚለቅም ውሻ ግን በግም ፍየልም ከብትም ቀምሷል። ሽሮም አዲስ አይደለም፤ የቤት ውሻ ሁሉ በእንጀራ ፍርፋሪ ላይ ባቄላውንና አተሩን ሲበላ ነው የኖረው። ስንዴ ዳቦም እንዲሁ። በቡራዩና በሱሉልታ ለአብዛኛው ውሻ እንግዳ የሆነው ዓሣ ነው። የዓሣ ምርምር ማዕከል ያላት ሰበታ ጎረቤታችን ሆና ሳለ ዓሣን ከሐይቅ ዳር ሕዝብ ምግብነት አልፎ አለማሰባችን ይገርመኛል። ዓሣ ሻጮች ሥጋውን ገፈው የሚጥሉት የቆሮሶ ጭንቅላትና አጥንት ላይ የሚቀር ሥጋ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ተቀቅሎ ሥጋው ከአጥንቱ በእጅ ተለቅሞ ይሰጣል። አጥንቱ እንዳይገባበት መጠንቀቅ ነው። ከዓሣው ጋር የሚሄደው ድንች ነው። በሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡት ጉዳኔ፣ ጃለኔና በለጠ በአካባቢው ገበያ የታወቁ ናቸው፤ ለገበያ የማይሆነው ጥቃቅኑ ለውሻ ይሆናል። ፀሐይ መትቶት የአረንጓዴነት መልክ የያዘና ያጎነቆለ ድንች ግን መርዝነት አለው፤ አይሰጥም።

ክብደቱ 15 ኪሎ ለሆነ አዋቂ ውሻ በቀን 700 ግራም ያህል ተልጦ የተቀቀለ ድንችና ከ200 እስከ 250 ግራም የተቀቀለ የዓሣ ሥጋ፣ ለሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ ጨውና በርበሬ ሳይገባበት ይበቃዋል። ውሻው ከከሳ ይጨመራል፤ ከወፈረ ይቀነሳል። ድንገት አይለወጥም፤ በአምስትና በስድስት ቀን ውስጥ ከቀድሞው ምግብ ጋር እየተቀላቀለ ይገባል፤ የስምንቱ ሳምንት ቆጠራ የሚጀምረው የቀድሞው ምግብ ፈጽሞ ከቆመበት ቀን ነው። ይህ ምግብ ካልሲየምና ሌላም ነገር ስለሚጎድለው ለዘለቄታ አይሆንም። ለቡችላ፣ ላረገዘችና ለምታጠባ ውሻ በራሳችን ውሳኔ አንሞክረውም፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ።

የሚከብደው ምግቡን ማዘጋጀቱ አይደለም፤ ሌላ እንዳይበላ መጠበቁ ነው። አንድ ልጅ የጣለው ቁራሽ፣ አንድ ጎረቤት የወረወረው አጥንት የሦስት ሳምንት ድካም ያበላሻል። የማኅበር አባላት ሁሉ አንድ ሃይማኖት ስለሌላቸው አንዱ ሲጾም ሌላው ያርዳል። ስለዚህ ውሻው ግቢ ውስጥ ወይም በሰንሰለት መዋል አለበት፤ ለጎረቤትም በግልጽ መነገር አለበት። ጊዜውንም መምረጥ ይጠቅማል። እኛ ኅዳር 1 ቀን ጀመርን። 56ኛው ቀን ታኅሣሥ 26 ይውላል፤ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚገባ በብዙ ቤት የሥጋ ትርፍራፊ ይቀንሳል፤ ዝናብም የለም። ለመልሶ መፈተኛ የሚሆነው የበዓል ሥጋም በሰዓቱ ይደርሳል።

ውጤቱን በዓይን ብቻ መገመት እንደማይበቃ የማሳ ሙከራ ያስተምራል። ማታ ማታ በአንድ ሰዓት ላይ 10 ደቂቃ ቁጭ ተብሎ ውሻው ስንት ጊዜ እንዳከከ፣ ስንት ጊዜ መዳፉን እንደላሰ ይቆጠርና በደብተር ይጻፋል። የሱሉልታው የልማት ሠራተኛ ይህን የሰጠው ለመሰብሰቢያው ወጣት መዝጋቢ ነበር፤ ወጣቱም ከወተት ሊትሩ ጎን አንድ መስመር ጨምሮ ሳያቋርጥ ጻፈው። በቡራዩ ሽማግሌው መጻፍ ስለማይሆንላቸው በበር መቃን ላይ በከሰል ያሠምሩ ነበር።

የሱሉልታው ውሻ እስከ አራተኛው ሳምንት ብዙም ለውጥ አላሳየም፤ ማኅበሩም ተስፋ ሊቆርጥ ደርሶ ነበር። ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ቁጥሩ እያነሰ ሄደ፤ በስምንተኛው ሳምንት በሆዱ ላይ አዲስ ጠጉር ወጣ። በገና የከብት ሥጋ ተቀቅሎ ተሰጠው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ አሬራ ተሰጠው፤ በአራተኛው ቀን ጆሮውን ማከክ ጀመረ። አሬራው ሲቆም ቀስ በቀስ ተወው። መልሶ ሳይሰጡ «ምግቡ ነበር» ማለት እንደማይቻል እዚህ ላይ ማስገንዘብ እፈልጋለሁ፤ ውሻው በሌላ ምክንያት ተሽሎት ሊሆን ይችላልና። መልሶ በሚሰጥበት ጊዜም አንድ ምግብ ብቻ ይሰጥና እስከ 14 ቀን ይጠበቃል። ወተት ጠጥቶ ማስቀመጥ ብቻ ያመጣ ውሻ አለርጂ አለበት ማለት አይደለም፤ የወተቱን ስኳር መፍጨት ስላቃተው ነው፤ ይህ ዓይነቱ አያሳክክም።

የቡራዩው ውሻ፣ ይህን ሁሉ ሐሳብ የቀሰቀሰው፣ ስምንት ሳምንት ሙሉ ዓሣና ድንች በልቶ ማከኩን አልቀነሰም። በበሩ መቃን ላይ ያለው የከሰል መስመር እንደነበረ ቀረ። በመጨረሻ የአካባቢው የእንስሳት ጤና ረዳት መጥቶ ከጅራቱ ሥር ያለውን ጠጉር በማበጠሪያ አበጠረና የወጣውን ጥቁር ቅንጣት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አራገፈው። ቅንጣቱ ሟሙቶ ቀይ ቡናማ ሆነ። የቁንጫ ኩስ ነው፤ ውስጡ ያለው የውሻው ደም ነው። ታዲያ ለምን በሁዳዴ ይሻለው ነበር? በበጋ ውሻው ደረቅ መሬት ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው ቦታ ይተኛል። ፋሲካ ሲያልፍ ዝናቡ ይመጣና ከመጋዘኑ ክፈፍ ሥር ወዳለው የጭድ ክምር ይገባል። ቁንጫው የሚጠብቀው እዚያ ነበር። ጾሙና ወቅቱ አብረው ስለሚሄዱ አንዱን ለሌላው ቆጠርሁት፤ ይህ ስሕተት የማዳበሪያ ሙከራ በዝናባማ ዓመትና በድርቅ ዓመት ሠርቶ ምርቱን ለማዳበሪያው ብቻ እንደመስጠት ነው። አስተማሪዎቼ ቢሰሙ ያፍሩብኝ ነበር።

እንግዲህ የኔ አስተያየት እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጣው ወሬ ለሚያሳክከው ውሻ ሁሉ ምግቡን ለውጡ ይላል። በሐኪም ዘንድ ከቀረቡ ውሾች ሁሉ የምግብ አለርጂ የተገኘባቸው ግን ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ናቸው። በኛ አካባቢ ቁንጫ፣ መዥገርና እከክ ከምግብ በፊት መመርመር አለባቸው። የነጭ ጨርቁ ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም። ቁንጫ ሲገኝም ውሻውን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም፤ በውሻው ላይ የሚታየው ቁንጫ ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ነው፤ የቀረው እንቁላልና እጭ ሆኖ በመኝታው፣ በጭዱና በአፈሩ ውስጥ ነው። ጭዱ ይቃጠል፤ ሥፍራው ይጠረግ፤ ለፀሐይ ይገለጥ። የውሻው መድኃኒት ለውሻ ተብሎ የተሠራ ይሁን።

እከክን ለመጠርጠር አንድ ቀላል ምልክት አለ። የጆሮውን ጫፍ በጣትና በጣት መካከል ይዞ ማሸት ነው፤ ውሻው ሳያስበው የኋላ እግሩን አንሥቶ አየሩን ሊያክ ከሞከረ እከክ መሆኑ በብርቱ ይጠረጠራል። የጆሮ ጫፍ፣ ክርንና ቁርጭምጭሚት መቁሰል ሌላው ምልክት ነው። ቤተሰቡም በክንዱና በሆዱ ላይ ማከክ ከጀመረ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ይህን በምግብ ማዳን አይቻልም። የእንስሳት ክሊኒኩ ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያያል፤ መድኃኒቱንም በክብደት ይሰጣል። ለከብት የመጣውን የአይቨርሜክቲን መርፌ ራሳችን ለውሻ መውጋት የለብንም፤ ለከብት ጥቂት የሆነው መጠን ለውሻ ብዙ ነው፤ ከውጭ የመጡ የበግ ጠባቂ ውሾች ደም ያለባቸው ዲቃሎች ደግሞ በዚህ መድኃኒት በቀላሉ ይመረዛሉ። ፊንጢጣውን መሬት ላይ የሚጎትተውም ብዙ ጊዜ አለርጂ ሳይሆን የኮሶ ትል ወይም የፊንጢጣው እጢ መሙላት ነው። በዚህ አጋጣሚ ከእርድ የወጣ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ መጣል ለሰው የሚተላለፍ የትል በሽታ እንደሚያስፋፋ አባላት ሊነገራቸው ይገባል፤ ይቀበር ወይም በደንብ ይቀቀል። የተነከሰ ቦታውን አለመጠን የሚያክና ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ካለ ግን ምርመራውም ጨርቁም ይቅር፤ ማንም ሳይነካው ለእንስሳት ጤና ጣቢያ ይነገር።

ተባይ የለም ከተባለ በኋላ ወደ ምግብ ስንመጣም፣ በኔ ግምት በኛ ውሾች ዘንድ ከማይስማማው ምግብ ይልቅ የሚጎድለው ምግብ ይበዛል። እንጀራና ዳቦ ብቻ የሚበላ ውሻ ስብ ያንሰዋል። ሊኖሌይክ የሚባለው የስብ ዓይነት ሲያንስ ቆዳው ይደርቃል፤ እንደ ፎረፎር ይረግፋል፤ ጠጉሩ ይሻክራል፤ ያሳክካል። ይህንን የሚሞላ ነገር አገራችን ሞልቷል፤ የኑግ ዘይት ከስቡ 70 በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ያለው 10 በመቶ ገደማ ስለሆነ ለዚህ አይጠቅምም። ለ15 ኪሎ ውሻ በቀን ከግማሽ የሾርባ ማንኪያ ጀምሮ እስከ አንድ ማንኪያ፣ ያልተጠበሰበት ንጹሕ የኑግ ዘይት በምግቡ ላይ ይፈስስለታል። ለውጡ ከአንድ ወር በፊት አይጠበቅም። ዚንክም እንዲሁ፤ እህልና አጥንት ብቻ በሚበላ ውሻ የእህሉ ፋይቴትና የአጥንቱ ካልሲየም ዚንኩን ይይዙበታል፤ በዓይኑና በአፉ ዙሪያ ቅርፊት ያወጣል። የቦካ እንጀራ ከቂጣ የሚሻለው በዚህ በኩል ነው፤ መቡካቱ ፋይቴቱን ይቀንሰዋል። ጥቂት የተቀቀለ ሥጋ ወይም ጉበት ሲጨመርበት ይስተካከላል።

ዘይቱ ጥሩ ነው ስል ፋጉሎው ለውሻ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ከአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት አካባቢ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የኑግ ፋጉሎ የአፍላቶክሲን ዋና ምንጭ መሆኑን አሳይቷል። ውሻ ለዚህ የሻጋታ መርዝ እጅግ ደካማ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ በሻገተ በቆሎ በተሠራ የውሻ ምግብ ከመቶ በላይ ውሾች ሞተዋል። መጋዘን ውስጥ የሻገተው እህል «ለውሻው ይሁን» ሲባል ስሰማ ይህ ይታወሰኛል። የወጥ ትርፍራፊም ሳይታሰብበት የሚሰጥ ነው። ወጣችን የሚጀምረው በሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት የደም ለውጥ ለማምጣት ይበቃል። አንድ ጉርሻ አይገድለውም፤ ከድግስ በኋላ የድስቱ ግርጌ ሲገለበጥለት ግን ይጎዳል።

ሰው ባልጠገበበት አገር ለውሻ ዓሣና ድንች ማለት ነውር ነው የሚል ተቃውሞ ይመጣብኛል፤ መጥቶብኛልም። ምግቡ ከሚጣለው የዓሣ ጭንቅላትና ከማይሸጠው ድንች እንደሆነ ተናግሬአለሁ። ሙከራውም ለሁሉም ውሻ አይደለም፤ ተባይ የለበትም ተብሎ የተረጋገጠ፣ ዘይት ተጨምሮለት ያልተሻለው፣ ክረምት ከበጋ ሳይል የሚያሳክከው ብቻ ነው የሚገባበት። ከስምንት ሳምንት በኋላ ካልተለወጠም ምግቡ ነጻ ነው፤ ውሻው ወደ ቀድሞ ምግቡ ይመለስና ሐኪም ሌላ ምክንያት ይፈልግ። የአቧራና የአበባ ብናኝ አለርጂ ያለበት ውሻ በማናቸውም ምግብ አይድንም።

የቡራዩው ውሻ ጭዱ ከተቃጠለና ለውሻ የተሠራው መድኃኒት ከተደረገለት በኋላ ተሽሎታል። ሽማግሌው ለመኝታው ከጭዱ ይልቅ በየሳምንቱ የሚታጠብ ጆንያ አድርገውለታል፤ በበሩ መቃን ላይ ያለውን ከሰል ግን አላጠፉትም። በሱሉልታ አሬራው አሁን የሚሰጠው ለጥጃዎቹ ነው። ባልዲውን ከደጃፉ ማንሣት እስኪለመድ ድረስ ግን ውሻው ሁለት ጊዜ አገርሽቶበታል፤ ሁለቱም በሁዳዴ ነበር።